አያትና የልጅ ልጅ፦ አምስት ቀን በሳማርካንድ

ቀን 1፦ ቀርፋፋው ባቡር

ፈጣኑ ባቡር ሞልቷል ተባልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ታሽኬንት ገና እንደደረስኩ "ትኬትሽን ቶሎ ቁረጪ" ብለውኝ ነበር። "ይደረስበታል" ብዬ ተውኩት። አሁን የሥራ ጉዳዬ አልቋል፣ ለሳማርካንድ ብዬ ያተረፍኳት አምስት ቀን እጄ ላይ ናት፣ ባቡር ግን የለም። ወይም አለ፣ ቀርፋፋው። ፈጣኑ በሁለት ሰዓት ከምናምን የሚጨርሰው 344 ኪሎ ሜትር በዚህኛው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል።

ተሳፈርኩ፤ አልተቆጨሁም። የጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ በመስኮት የሚታየው ሁሉ ጥጥ ነው። እዚህ አገር ጥጥ ከማሳው አልፎ የሻይ ስኒ ላይ ይሣላል። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ የፈነዳ ጥጥ። ቆይቼ እንዳየሁት ይህ ስኒ የሌለበት ቤት የለም።

ከፊቴ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ እንግሊዝኛ ይሞክራል። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቀኝ "ኢትዮጵያ" አልኩ። እሱ ዝም አለ። ሴትዮዋ ግን ፊታቸው በራና "ፑሽኪን!" አሉ። በሶቭየት ጊዜ የተማረ ሰው እኛን የሚያውቀን በፑሽኪን ቅድመ አያት በኩል ነው። የሰውየው የትውልድ ቦታ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ካሜሩን ነው የሚሉም አሉ። እኔ ባቡር ውስጥ ክርክር ልከፍት አልፈለግኩም። ፑሽኪንን ተቀበልኩ፣ ቀጥሎ የመጣውን ሻይም ተቀበልኩ።

ሻዩ አረንጓዴ ነው፣ ስኳር የለውም። ሴትዮዋ ቀድተው መልሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ጨመሩት። እንደገና ቀዱ፣ መለሱ። ሦስቴ። ከአቦል፣ ቶናና በረካ ሌላ ሦስት ቁጥር የሚወድ ሕዝብ ማግኘቴ ደስ አለኝ። ከዚያ ስኒውን ግማሽ ሞልተው ሰጡኝ። እኛ ቤት ቢሆን ስስት ነው። እዚህ ግን ሞልቶ መቅዳት "ጠጣና ሂድ" እንደማለት ነው። ጎድሎ ሲቀዳልህ ደግመህ እንድትጠይቅ፣ እንድትቆይ ተፈልገሃል።

ሁለቱ የሚያወሩት ኡዝቤክኛ መስሎኝ ነበር። ታጂክኛ ነው፤ የፋርስ ቋንቋ ዘመድ። "ኡዝቤኪስታን አይደል እንዴ ያለነው?" ስለው ልጁ ትከሻውን ነቅንቆ "ሳማርካንድ ነው" አለኝ። መልሱ ይኸው ነው። ድንበሩን ሶቭየቶች በ1920ዎቹ ሲያሰምሩ ከተማው ኡዝቤክ ሪፐብሊክ ውስጥ ገባ፣ ከ1925 እስከ 1930ም ዋና ከተማዋ ነበር። የቤቱ ቋንቋ ግን እንደነበረ ቀጠለ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አሁኑኑ ተናግሬ ልረፍ።)

ያረፍኩት አሮጌ ሰፈር ውስጥ ያለ የእንግዳ ቤት ነው። ባለቤቷን ሁሉም "ኦፓ" ይላቸዋል። እኛ "እትዬ" እንደምንለው መሆኑ ነው። ወንዱ "አካ" ነው፣ ጋሼ። እኔም በአንድ ሰዓት ውስጥ ኦፓ ማለት ለመድኩ። ሰፈሩ ከቱሪስቱ መንገድ በረጅም ግንብ ተከልሏል። በግንቡ ላይ ያለችውን ትንሽ በር ካላወቅክ ከጀርባው ሰው የሚኖር አይመስልህም። በወዲያ በኩል ጸዳ ያለ ድንጋይ ንጣፍ፣ አበባ፣ መብራት። በወዲህ በኩል የጭቃ ግድግዳ፣ ልጆች፣ የወይን ሐረግ። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን አይቶ ብዙም አይገረምም።

ማታ ወደ ሬጂስታን ወጣሁ። የስሙ ትርጉም አሸዋማ ቦታ ማለት ነው። አደባባዩን በሦስት ጎን ሦስት መድረሳዎች ይዘውታል። ፎቶውን መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፎቶው የማይነግርህ ግን የትልቅነቱን ነገር ነው። በሩ ሥር የቆመ ሰው ጉንዳን ይመስላል።

በግራ ያለው ቀዳሚው ነው። ከ1417 እስከ 1420 ኡሉግ ቤግ ያሠራው። በበሩ አናት ላይ የተደረደረው ጌጥ ከዋክብት ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጡ ናቸው፤ ያላንግቱሽ የተባለ የከተማው ገዥ ያሠራቸው። ትይዩው ሼር ዶር ይባላል፣ 1619 ተጀምሮ 1636 አለቀ። "አንበሳ ያለበት" ማለት ነው። አንበሶቹ ግን ነብር ነው የሚመስሉት፤ ዥጉርጉር ናቸው፣ ሚዳቋ ያሳድዳሉ፣ ከጀርባቸው የሰው ፊት ያላት ፀሐይ ትወጣለች። መድረሳ በር ላይ እንስሳና የሰው ፊት መሣል ደፋርነት ነው። የመሃሉ ቲላ ካሪ ደግሞ ውስጡ በወርቅ ተለብጧል። ቀና ብዬ ጉልላቱን ሳደንቅ ቆይቼ ጣሪያው ጠፍጣፋ መሆኑን ሰማሁ። ጌጡ ወደ መሃል እያነሰ ስለሚሄድ ዓይን ይታለላል። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው አውቄ ተታለልኩ።

ተማሪዎቹ ያድሩባቸው የነበሩት ጠባብ ክፍሎች ዛሬ ሱቅ ሆነዋል። የሐር ሻርፕ፣ ሳህን፣ ማግኔት። የቆሎ ተማሪ ጎጆ ውስጥ ሻርፕ ሲሸጥ አስቡት። እኔ ግን ሻርፕ ገዛሁ።

ቀን 2፦ አንካሳው

ስለ ሳማርካንድ ከሰማሁት ሁሉ ትልቁ ስም ቲሙር ነው። ፈረንጆች ታመርላን ይሉታል፤ ቲሙር አንካሳው ከሚለው የፋርስ ቅጽል የመጣ ነው። ከዴልሂ እስከ ደማስቆ ያቃጠለ ሰው። የማረካቸውን የእጅ ባለሙያዎች ግን ሳይገድል ወደዚህ ከተማ ይነዳቸው ነበር። የሳማርካንድ ውበት የሌሎች ከተሞች ሰብል ነው ማለት ይቻላል።

መቃብሩ ጉር አሚር ይባላል። ጉልላቱ እንደ ሐብሐብ ሽንሽን ያለው፣ ሰማያዊ ነው። የገረመኝ ይህን ቤት ቲሙር ለራሱ አለማሠራቱ ነው። በ1403 ለሞተበት ለሚወደው የልጅ ልጁ ለመሐመድ ሱልጣን ነው ያሠራው። ለራሱ የተዘጋጀው መቃብር በትውልድ አገሩ በሻህሪሳብዝ ነበር። በየካቲት 1405 ቻይናን ሊወጋ ሲሄድ ኦትራር ላይ ሞተ። የተራራው መንገድ በበረዶ ተዘግቶ ነበርና እዚሁ ከልጅ ልጁ ጋር ቀበሩት። ያውም በመንፈሳዊ አባቱ በሰይድ በረካ እግር ሥር። በመቃብሩ ላይ ያለው ድንጋይ ጥቁር አረንጓዴ ጄድ ነው፣ መሃሉ ላይ ተሰንጥቋል።

እዚህ የሚመጣ ጎብኚ ሁሉ የሚጠብቀው ወሬ አለ፣ የእርግማኑ። በሰኔ 1941 ገራሲሞቭ የተባለ የሶቭየት ሳይንቲስት መቃብሩን ከፈተ። በዚያው ወር 22ኛው ቀን ናዚ ጀርመን ሶቭየትን ወረረች። "ሰላሜን የነሳ ጦርነት ያገኘዋል" የሚል ጽሑፍ ነበር ይባላል። ወረራው ከወራት በፊት ታቅዶ ያለቀ ነገር ስለነበር ለቲሙር ባንሰጠው ይሻላል። እኔን የያዘኝ ሌላው ግኝት ነው። አጥንቱ ሲመረመር ቀኝ እግሩ በእርግጥ የተጎዳ ሆኖ ተገኘ። አንካሳው የሚለው ስም ስድብ ብቻ አልነበረም።

እዚያው ሌላ ሰውም አረፈ። ኡሉግ ቤግ፣ ትናንት መድረሳውን ያየሁለት፣ የቲሙር የልጅ ልጅ። የሱም መቃብር ያኔ ተከፍቶ ነበር። ራሱ ከአካሉ ተለይቶ ተገኘ። ወደሱ ነገ እመለሳለሁ።

ከጉር አሚር ወደ ቢቢ ኻኒም መስጊድ ሄድኩ። ቲሙር በ1398 ዴልሂን ዘርፎ ሲመለስ በዓመቱ ያስጀመረው ነው። ድንጋይ የሚጎትቱት ከሕንድ የመጡ ዝሆኖች ነበሩ። በ1404 እዚህ የነበረው የስፔኑ ካስቲል ንጉሥ መልእክተኛ ክላቪኾ እንደጻፈው ቲሙር በሩ አነሰብኝ ብሎ አፍርሶ አስጀመረ። ታሞ በእግሩ መቆም ሲያቅተው በአልጋ ተሸክመውት እየመጣ ሠራተኛውን ያቻኩል ነበር። የቸኮለ ሥራ ደግሞ ይታወቃል። ቲሙር ከሞተ ብዙም ሳይቆይ ጡብ በሰጋጆች አናት ላይ መውደቅ ጀመረ። የ1897 የመሬት መንቀጥቀጥ የቀረውን ጨረሰው። ዛሬ የምናየው ሰማያዊ ጉልላት በአብዛኛው ከ1970ዎቹ ወዲህ የተሠራ ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ። ግቢው መሃል ያለው ትልቅ የድንጋይ አትሮንስ ግን የጥንቱ ነው። ቁርኣን ይነበብበት የነበረ። ልጅ የሚፈልጉ ሴቶች ከሥሩ በደረታቸው ያልፉ እንደነበር ይነገራል። እንዲህ ያለ ልማድ ለኛ አዲስ አይደለም።

ክላቪኾ በመንገድ ላይ ከግብጽ ሱልጣን መልእክተኞች ጋር ተገናኝቶ ነበር። ለቲሙር ይዘውለት የሚሄዱት ስጦታ ቀጭኔ ነው። ስፔናዊው እንዲህ ያለ ፍጥረት አይቶ አያውቅም፤ አንገቱን፣ የፊትና የኋላ እግሩን ርዝመት ሲያስረዳ ይጨነቃል። ከአፍሪካ ተነስቶ እስከ እስያ እምብርት በእግሩ የተጓዘ ቀጭኔ! እኔ ቦሌ ተሳፍሬ ኢስታንቡል አውሮፕላን ቀይሬ ስደርስ ደክሞኝ ነበር።

ከመስጊዱ ጎን የሲያብ ገበያ ነው። አንድ ዶላር 12 ሺህ ሶም ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ስለዚህ ሚሊየነር ሆኜ ገባሁ። የደረቀ አፕሪኮት፣ እንደ ድንጋይ የተፈለጠ ስኳር፣ ሐላዋ፣ ሐብሐብ፣ ዘቢብ በዓይነት። ሁሉም ያስቀምስሃል። እዚህ ገበያ ቁርስ ሳይበሉ መምጣት ነው።

ግን ንጉሡ ዳቦ ነው። የሳማርካንድ ኖን ክብ ነው፣ ወፍራም፣ ከብዶ የሚያስደነግጥ። ላዩ ያብለጨልጫል፣ መሃሉ በእንጨት ማኅተም ተወግቶ አበባ ይሠራል። የአምባሻ ጌጥ ነው ያስታወሰኝ። ሻጯን በምልክት ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠየቅኳት። በጣቷ ቆጥራ ሲያልቅባት ሳቀች። ሲደርቅ ውኃ ረጭተህ ታሞቀዋለህ፣ እንደ አዲስ ይሆናል። የከተማው ሰው የሚያወራት ተረትም አለች። የቡኻራ አሚር የሳማርካንድን ዳቦ ወዶ ጋጋሪውን አስመጣው። ዳቦው እንደዚያው አልሆን አለ። ዱቄቱን አስመጡ፣ ውኃውን አስመጡ፣ እምቢ አለ። ጋጋሪው በመጨረሻ "ጌታዬ፣ የሳማርካንድ አየር የለም" አለ ይባላል።

አንዱን ገዝቼ ስይዘው ተገልብጦ ነበር። አንድ ሽማግሌ ምንም ሳይሉ ከእጄ ወስደው ገለበጡትና መለሱልኝ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሰላም አሉኝ። ኖን በጀርባው አይተኛም።

ቀን 3፦ የሞተው ከተማ፣ ነቢዩና ከዋክብት ቆጣሪው

ዛሬ ብዙ ተራመድኩ፣ ብዙም እጽፋለሁ።

ከገበያው ወደ ሰሜን ሲወጡ ሣር የበቀለበት ባዶ ጉብታ ይጀምራል። ፍየል ይግጥበታል። ጥንታዊቷ ሳማርካንድ እሷ ናት። አፍራሲያብ ይሏታል፣ በተረት የሚታወቅ የቱራን ንጉሥ ስም ነው። ሰው እዚህ የሰፈረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ወይም በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ግሪኮች ማራካንዳ ይሏት ነበር። እስክንድር በ329 ዓመተ ዓለም ያዛት። በግእዝ መጻሕፍታችን እንደ ጻድቅ ንጉሥ የሚተረክለት እስክንድር በዓመቱ እዚሁ ግብዣ ላይ ሰክሮ የገዛ ጓደኛውን ክሊቶስን በጦር ወግቶ ገደለው። ክሊቶስ ቀደም ሲል በጦር ሜዳ ሕይወቱን ያዳነለት ሰው ነበር።

የከተማዋ ሰዎች ሶግዲያውያን ይባላሉ። ጦረኛ አልነበሩም፣ ነጋዴ ነበሩ። የሐር መንገድ የሚባለውን ንግድ ለብዙ መቶ ዓመታት በእጃቸው ይዘው የኖሩት እነሱ ናቸው። በ1907 ዱንኋንግ አጠገብ፣ በቻይና ድንበር መጠበቂያ ማማ ውስጥ፣ ሳይደርሱ የቀሩ ደብዳቤዎቻቸው ተገኙ። የ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ናቸው። አንደኛው ወደ ሳማርካንድ የተላከ የንግድ ወሬ ነው። ሌላው ሚውናይ የምትባል ሴት ለባሏ የጻፈችው ነው። ባሏ ዱንኋንግ ላይ ጥሏት ሄዷል፣ ገንዘብ የላትም፣ የሚወስዳት አጥታለች። ያንተ ሚስት ከምሆን የውሻ ወይም የአሳማ ሚስት ብሆን ይሻለኝ ነበር ትለዋለች። ከ1700 ዓመት በኋላ የሚነበብ ንዴት። ደብዳቤው ባልደረሰው ባል ቦታ እኔ ተሸማቀቅኩ።

ጉብታው ጥግ ላይ ሙዚየም አለ። በ1965 መንገድ ሲጠረግ የአንድ መኖሪያ ግድግዳ ተገኘ፣ የ7ኛው መቶ ዓመት ሥዕል ያለበት። ደብዝዟል፣ ብዙው ጠፍቷል። ግን ቆም ብለህ ስታየው ሰዎቹ ቀስ ብለው ይወጣሉ። የሐር ጥቅል የያዙ ቻይናውያን። ባርኔጣቸው ላይ ላባ የሰኩ ሁለት ሰዎች፣ ከኮሪያ የመጡ ናቸው ይባላል። ነጭ ዝሆን፣ ግመል፣ ለመሥዋዕት የሚነዱ ዝይዎች። ንጉሡ ቫርኹማን እንግዶቹን ሲቀበል ነው። ከሬጂስታን ወርቅ ይልቅ ይህን ደብዛዛ ግድግዳ ረጅም ሰዓት አየሁት። አዳራሹ ውስጥ ከኔ ሌላ ጥበቃው ብቻ ነበር፤ እሱም ያዛጋል።

ይህች ከተማ ያበቃላት በ1220 ነው። ጀንጊስ ኻን መጣ። ሰው ከመገደሉ ሌላ ውኃ የሚያመጣላት ቦይ ተበላሸ። ጉብታ ላይ ያለ ከተማ ውኃ ካጣ ምን ይሆናል? የተረፈው ሰው ወደ ደቡብ ወርዶ ሠፈረ፣ የዛሬዋ ሳማርካንድ እዚያ ነው ያደገችው። ጉብታው ለፍየል ቀረ።

ከጉብታው ሥር፣ በሲያብ ወንዝ ዳር፣ የነቢዩ ዳንኤል መቃብር አለ። አዎ፣ የአንበሶቹ ጉድጓድ ዳንኤል። መቃብሩ 18 ሜትር ይረዝማል፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኗል። አካሉ በየዓመቱ ስለሚያድግ ነው ይላሉ። ቲሙር ከፋርስ፣ ከሱሳ፣ ቅሪቱን አስመጥቶ ነው የሚል ትውፊት አለ። ሱሳ ላይም የዳንኤል መቃብር ስላለ ሁለቱ ከተሞች ይስማሙ። ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም ይመጣል። ኢማሙ ቁጭ ብሎ ዱዓ ሲያደርግ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይሰማል። በሩ ላይ ያለው የደረቀ የፒስታሽዮ ዛፍ በ1996 የሩሲያው ፓትርያርክ አሌክሲ ዳግማዊ ከባረኩት በኋላ እንደገና ለመለመ ይባላል። እኔ ሳየው ቅጠል ነበረው።

ከሥሩ ምንጭ አለ። ሰው ፊቱን ይታጠባል፣ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ይወስዳል። ማንም ሳያስረዳኝ ምን እንደሆነ ገባኝ። ጸበል ነው። ጠርሙሴን ሞላሁ።

ክርስትና ለዚህ ከተማ እንግዳ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን የምሥራቋ ቤተ ክርስቲያን ሜትሮፖሊታን መቀመጫ ነበረች። ማርኮ ፖሎም እዚህ ስለነበረው የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። ሙስሊሞቹ የመሠረቱ ድንጋይ የኛ ነው ብለው ከአምዱ ሥር ሲወስዱት አምዱ አየር ላይ ቆሞ ቀረ ይላል። ማርኮ ፖሎ ራሱ ሳማርካንድን አላያትም፤ የሰማውን ነው የጻፈው። ታምሩ ግን ከኛ ተአምራት አጠገብ ቢቀመጥ አያፍርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኡሉግ ቤግ።

አያቱ ሲሞት የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። አሥራ አምስት ሲሞላው ሳማርካንድን ግዛ ተባለ። ገዥነቱ ብዙ አልሆነለትም፤ በጦርነት የሚሸነፍበት ጊዜ ይበዛ ነበር። ልቡ ያለው ሰማይ ላይ ነው። በ1420ዎቹ በዚህ ኮረብታ ላይ ባለሦስት ፎቅ ክብ ሕንፃ አሠራ። ውስጡ ቴሌስኮፕ አልነበረም፣ ቴሌስኮፕ ገና ሁለት መቶ ዓመት ይቀረው ነበር። የነበረው ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ፣ ግማሹ ወደ ላይ የወጣ ግዙፍ ቅስት ነው። የክቡ ሬዲየስ 40 ሜትር። የፀሐይ ብርሃን በቀዳዳ ገብቶ ቅስቱ ላይ ሲያርፍ ከፍታዋን ይለካሉ። ነገሩ ቀላል ነው፤ መለኪያው በገዘፈ ቁጥር ስህተቱ ያንሳል።

ዛሬ የቀረው የምድር ውስጡ ክፍል ነው። በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት የእብነበረድ ሐዲድ ወደ ታች ጠምዘዝ ብሎ ይወርዳል። ሐዲዱ ላይ የዲግሪ ምልክት ተቀርጿል። በሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ ከጀርባዬ የመጣ ቱሪስት "ይኸው ነው?" ብሎ ተመለሰ። በቋንቋው ባልሰማውም ፊቱ ይናገር ነበር።

ይኸው ነው። ግን በዚህ ጉድጓድ የ1018 ከዋክብት ቦታ ተለክቶ በ1437 ተጻፈ። ከዋክብትን መነሻ አድርገው የለኩት ዓመት 365 ቀን ከ6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ነው፤ ከዛሬው ልኬት የሚለየው በአንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አል ካሺ የተባለው የሒሳብ ሊቅ ከሱ ጋር ይሠራ ነበር፤ የክብን ዙሪያና ሬዲየስ ዝምድና እስከ 16 አሐዝ ያወጣው በ1424 ነው። ባሕረ ሐሳብ ሲሰላ ያደገ ሰው፣ ስድስት ሰዓቷን በየአራት ዓመቱ ሰብስቦ ስድስተኛ የጳጉሜን ቀን የሚያደርግ ሕዝብ ልጅ፣ ያችን ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

በ1449 የገዛ ልጁ አብዱል ለጢፍ ዐመፀበት። ኡሉግ ቤግ ተሸንፎ ወደ መካ ልሂድ ብሎ ወጣ። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ አንገቱን ቆረጡት። ልጁም ዓመት አልሞላም፣ እሱም ተገደለ። ታዛቢው ሕንፃ ፈረሰ፣ ቦታው ጠፋ። ዓሊ ቁሽጂ የተባለው ተማሪው በኋላ ኢስታንቡል ገብቶ እውቀቱን እዚያ ዘራው። ጉድጓዱ የተገኘው በ1908 ነው። ቪያትኪን የተባለ ሩሲያዊ አንድ የድሮ የወቅፍ፣ ለሃይማኖት የተሰጠ ንብረት፣ ሰነድ ሲያነብ ቦታውን የሚጠቁም መስመር አገኘና ቆፈረ። እሱም እዚያው ኮረብታ ላይ ተቀብሯል።

ማታ ስመለስ ኦፓ የት እንደዋልኩ ጠየቁኝ። ስነግራቸው "ቲሙር አያት ነው" አሉ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ቀጥለው እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው "ኡሉግ ቤግ፣ ልጄ" አሉና ሳቁ።

ቀን 4፦ ወረቀት

ጠዋት ገና ሳይሞቅ ሻሂ ዚንዳ ደረስኩ። "ሕያው ንጉሥ" ማለት ነው። የነቢዩ መሐመድ አጎት ልጅ ቁሣም ኢብን ዓባስ የተቀበረበት ነው። አንገቱ ሲቆረጥ ራሱን በእጁ ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ እስከ ዛሬ በሕይወት አለ ይላል ትውፊቱ። ከሱ ወዲህ የቲሙር እህቶችና ዘመዶች መቃብር በጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ሰማያዊ በሰማያዊ ላይ። ቃል የለኝም፣ ሂዱና እዩት። ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ቆጥረህ ቁጥሩ ከተስማማ ኃጢአት የለብህም ይባላል። የኔ አልተስማማም። ድጋሚ አልቆጠርኩም።

ከዚያ በታክሲ ኮኒጊል ወደምትባል መንደር። ሲያብ ወንዝ እዚህ ይንቆረቆራል፣ ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ይሽከረከራል፣ መንኮራኩሩ የእንጨት መዶሻ ያነሳል፣ ይጥላል። ዱም፣ ዱም። ወረቀት የሚሠራው በዚህ ነው። ጠፍቶ የነበረ ሙያ ነው፣ በቅርብ አሥርት ዓመታት ነው መልሰው ያስነሱት።

መነሻው ቱት የሚሉት ዛፍ ቅርፊት ነው፣ ቅጠሉን የሐር ትል የሚበላው። ከቅርንጫፉ ይላጣል፣ ጥቁሩ ልባስ ይፋቃል፣ የቀረው ለሰዓታት ይቀቀላል። ከዚያ መዶሻው ይወቅጠዋል። ሙክ ሲሆን ውኃ ውስጥ በትነው በወንፊት ያነሱታል፣ ይጫኑታል፣ ሳንቃ ላይ ለጥፈው ያደርቁታል። በመጨረሻ አንዲት ልጅ በለሰለሰ ድንጋይ ታሸዋለች። ወዲህ ወዲያ፣ ወዲህ ወዲያ፣ እስኪያብለጨልጭ። የኛ ብራና ፋቂዎች በድንጋይ ሲያለሰልሱ አይቻለሁ፤ የእጅ እንቅስቃሴው አንድ ነው። ቀለሙ ቢጫ ያዘነበለ ነው። ነጭ አያደርጉትም፣ የዓይን ድካም ይቀንሳል ይላሉ።

አስጎብኚው የሚታወቀውን ታሪክ ተናገረ። በ751 ታላስ ወንዝ ላይ ዓረቦችና ቻይናውያን ተዋጉ፣ ቻይናውያን ተሸነፉ፣ ከምርኮኞቹ መካከል ወረቀት የሚሠሩ ነበሩ፣ ሳማርካንድ መጥተው አስተማሩ። ከዚህ ወደ ባግዳድ፣ ከባግዳድ ወደ ካይሮ፣ ቆይቶም ወደ ስፔን። ጥሩ ታሪክ ነው። ግን ትናንት ያልኳችሁ የሚውናይ ደብዳቤስ? ወረቀት ላይ ነው የተጻፈው። ከታላስ አራት መቶ ዓመት በፊት። ሳማርካንዶች ወረቀትን ከምርኮኛ ሳይሰሙ በፊት ያውቁት ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት አሠራሩን ነው የተማሩት። ለአስጎብኚው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "ምርኮኞቹ ይሻላሉ፣ ቱሪስት ይወዳቸዋል" አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው። አሥር ቅጠል ገዛሁት።

ቀን 5፦ ዳቦው

የሳማርካንድ ፕሎቭ የምሳ ምግብ ነው። ማታ ብትጠይቅ አልቋል። ሩዝ፣ ቢጫ ካሮት፣ ሥጋ። ታሽኬንት ውስጥ ሁሉንም ያማስሉታል። እዚህ በንብብር ነው የሚበስለው፣ በንብብር ነው የሚወጣው። ሩዙ ከታች፣ ካሮቱ መሃል፣ ሥጋው ከላይ። ዘይቱ ውስጥ ተልባ አለበት። ተልባን በጾም ጭማቂ ብቻ ለማውቀው ለኔ ድንገተኛ ነገር ነበር። ሳህኑን ስጨርስ ተጨማሪ መጣ። ጎረቤቴ የተቀመጡት ሰውዬ እንዳልተው ዓይናቸውን አልነቀሉብኝም። ጨረስኩ።

ባቡሩ በኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፈጣኑ፤ አሁን ትኬቴን በጊዜ ቆርጫለሁ። ስሙ አፍራሲያብ ይባላል፣ በዚያ ፍየል በሚግጥበት ጉብታ ስም።

ሻንጣዬን ዘግቼ ልሰናበት ስገባ ኦፓ ወጥ ቤት ነበሩ። አንድ ኖን አነሱና በምልክት "ንከሺ" አሉኝ። ጠግቤያለሁ ብል አልሰሙኝም። ከጠርዙ ነከስኩ። የቀረውን ተቀብለው ወንበር ላይ ወጥተው ግድግዳው ላይ ካለች ምስማር ሰቀሉት። ከቤት የሚሄድ ሰው ዳቦውን ነክሶ ይሄዳል፤ የተነከሰው ዳቦ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል፤ ሲመለስ ይጨርሰዋል።

ከጎኑ ሌላ አለ። የደረቀ፣ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ በአንድ በኩል ትልቅ ንክሻ ያለበት። የማን ነው ብዬ አመለከትኩ።

"የልጅ ልጄ" አሉ። "ሞስኮ ነው። ሥራ።"

ምስማሩ የላላ መሰላቸው መሰለኝ፣ የኔን ዳቦ አውርደው በጫማቸው ተረከዝ ምስማሩን መታ መታ አደረጉና መልሰው ሰቀሉት።